ከ«ረገጠ» እስከ «አረጋገጠ»

እንግሊዝኛ ሰውን ከእግር በታች ስለ ማድረግ የሚናገሩ ግሦች ሞልተው የተረፉት ቋንቋ ነው። «ትራምፕል» አለው፤ «ኦፕሬስ» አለው፤ «ሰብጁጌት»፣ «ሰፕረስ»፣ «ዶሚኔት» እያለ ይቀጥላል። በወግዲ ወይም በመካነ ሰላም የሚማር ልጅ እነዚህን ይዞ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ በአማርኛው በኩል የሚጠብቁት እነዚያው ጥቂት ቃላት ናቸው፦ ረገጠ፣ ጨቆነ፣ ገዛ፣ አስገበረ። ከዚህ ተነሥተው «አማርኛችን ጠባብ ነው፤ ረቂቅ ነገር አይችልም» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ይህን አባባል አልቀበለውም። በዚህ ጉዳይ የአማርኛ ነገር የቃል ማነስ አይደለም፤ አንዱ ቃል ብዙ ነገር መሸከሙ ነው። መርገጥን ከእርግጠኝነት፣ አገር መግዛትን ከገበያ፣ የበላይነትን ከሥልጣኔ ጋር በአንድ ግሥ አስሮ ይዞታል። የምንናገረው እኛ ግን አንዱን ፊት እያየን ሌላውን እንረሳለን፤ መርሳታችንም ዋጋ አስከፍሎናል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ጓዳ ጥቂት እንየው። «ሰብጁጌት» ከላቲን የተወሰደ ነው፤ «ሱብ» ማለት ከታች፣ «ዩጉም» ማለት ቀንበር። ማስገበር ማለት እንግዲህ ከቀንበር በታች ማሳለፍ ነው። ይህ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተነገረ አይደለም። በጥንቷ ኢጣልያ ድል የሆነ ጦር ከጦር ዘንግ በተሠራ ቀንበር ሥር እያጎነበሰ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ321 ዓመት ሳምናውያን የሮማን ሠራዊት ሳይቀር በዚሁ ሥርዓት አዋርደውታል። «ኦፕሬስ» መጫን፣ ተጭኖ መደፍጠጥ ነው። «ዶሚኔት» ከ«ዶሙስ»፣ ማለትም ከቤት የመጣ ሲሆን «ዶሚኑስ» የቤቱ ጌታ ነው፤ እኛ «ባለቤት» እንደምንለው ማለት ነው። አደጋ ለማለት የሚጠሩት «ዴንጀር» እንኳ የዚህ ዘር ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙ የጌታ ሥልጣን ነበር። በጌታ እጅ መውደቅ አደጋ መሆኑን ቃሉ ራሱ መስክሮ አልፏል።

ዛሬ «ሰብጁጌት» የሚል እንግሊዛዊ ግን ቀንበሩ አይታየውም። ቃሉ በውሰት የገባ ስለሆነ ሥዕሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። የእኛ ቃላት ዕጣ ሌላ ነው። የወግዲ ገበሬ ዛሬም በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ሰብሉን በአውድማ ያበራያል፤ ገበያ ወጥቶ ይገዛል፣ ይሸጣል። የጭቆና ግሦቻችን ሥዕሎች በሙሉ በዓይኑ ፊት ናቸው። የማናያቸው ከመራቃቸው ሳይሆን ከመቅረባቸው የተነሣ ነው፤ ሰው አፍንጫውን እንደማያይ።

«ረገጠ»ን እንውሰድ። ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ የሰብል ነገር ያለ መርገጥ አይሆንም። አውድማው በመጀመሪያ ይደለደላል፣ ይረገጣል፣ በእበት ይለቀለቃል። ነዶው ይበተናል፤ ከብቶቹ ይገቡበታል፤ ከዚያ ዙሪያውን እየዞሩ ሲረግጡት ፍሬው ከገለባው ይለያል። ይህን ሥራ ገበሬው «ማበራየት» ይለዋል። ጤፍ ሲዘራም በብዙ ቦታ ማሳው አስቀድሞ በከብት ይረገጣል፤ ያች ደቃቅ ዘር ልል አፈር ውስጥ ጠልቃ እንዳትቀር መሬቱ መጥበቅ አለበት። እዚህ ላይ መርገጥ ግፍ አይደለም። የተረገጠ መሬት ጠንካራ መሬት ነው፤ ዘር የሚያበቅል፣ አውድማውም ፍሬን ከአፈር ሳይቀላቅል የሚይዝ።

አሁን የቋንቋውን ሥራ እንመልከት። ሰበረ ብለን ሰባበረ፣ ቆረጠ ብለን ቆራረጠ እንደምንለው ሁሉ ረገጠ ብለን ረጋገጠ እንላለን፤ ደጋግሞ፣ እዚህም እዚያም ረገጠ ማለት ነው። የሚገርመው የእንግሊዝኛው «ትራምፕል» አሠራርም ይኸው መሆኑ ነው፤ «ትራምፕ» ከሚለው፣ በከባድ እርምጃ ከመራመድ፣ ድግግሞሽን የሚያሳይ ጭራ ተቀጥሎለት የተገኘ ግሥ ነው። እስከዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ሄዱ። ከዚህ በኋላ ግን አማርኛ ብቻውን አንድ እርምጃ ቀጠለ፤ ከረጋገጠ «አረጋገጠ»ን አወጣ። እርግጥ፣ እርግጠኛ፣ በእርግጥ፣ ማረጋገጫ፣ ሁሉም ከዚያው ቤት ናቸው። የአማርኛ እርግጠኝነት በእግር የተሞከረ መሬት ነው። ገበሬ ረግጦ ያየው አይከዳውም፤ ያላየውን ረግረግ ግን አያምነውም። ከአውድማ የተነሣ የዕውቀት ቃል ማለት ይህ ነው፤ በጣም የምወደው ቃል ነው።

ነገር ግን የምወደው ቃል ከአውድማ ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ቤት ገባ። ባለፉት አምሳ ዓመታት በየሥርዓቱ የተጻፉ ሪፖርቶችን ያነበበ ሰው «ተረጋገጠ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ያውቃል። የሕዝብ ተሳትፎ ተረጋገጠ፤ የአርሶ አደሩ ተጠቃሚነት ተረጋገጠ፤ ሰላምና ጸጥታ ተረጋገጠ። ማን ረገጠው? የማን እግር ነው የሞከረው? አንድ መሬት መጽናቱን የሚያውቀው የቆመበት ሰው ነው እንጂ ከሩቅ ሆኖ የሚጽፈው አይደለም። ረጋጩ ባለሥልጣን፣ ተረጋጩ ሕዝብ፣ «ተረጋገጠ» ባዩ ደግሞ ጸሐፊው ሲሆን፣ «ተረገጠ» እና «ተረጋገጠ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ፊደል አይበልጥም። ይህን የምለው በቃል ለመጫወት አይደለም። ሪፖርቱ የተጻፈለት ገበሬ ሁለቱንም ቃላት በአንድ ጆሮ ስለሚሰማቸው ነው።

በነገራችን ላይ ከዚህም የጠለቀ መርገጥ በአማርኛ ውስጥ አለ፤ ተደብቆ ግን ነው። በግዕዝ «ኬደ» ማለት ረገጠ፣ ተራመደበት ማለት ነው፤ የእግር ማሳረፊያም «መከየድ» ይባላል። ይኸው ቃል በትግርኛ «ከደ» ሆኖ መሄድን ይገልጻል። በግዕዝ በ«ከ» የሚነገሩ ብዙ ቃላት አማርኛ ላይ ሲደርሱ በ«ሀ» ይነገራሉ፤ ኮነ ሆነ ነው፣ ኵሉ ሁሉ ነው፣ ክልኤቱ ሁለት ነው። በዚሁ መንገድ ኬደ ሄደ ሆነ። ስለዚህ «ሄድኩ» የሚል ሰው ሳያውቀው «ረገጥኩ» እያለ ነው፤ ምድርን ሳይረግጡ መሄድ እንደማይቻል የጥንቱ ቋንቋ ያውቅ ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከእነዚሁ ከሦስቱ ፊደላት «ተካየደ» ይወጣል፤ ቃል ኪዳን ገባ ማለት ነው። «ኪዳን» ራሱ ከዚያ ነው። አንዱ ብቻውን ሲራመድ መርገጥ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ሲያደርጉት ውል! በሰዋስው ረገድ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አድራጊውና ተቀባዩ አንድ ወገን ብቻ መሆናቸው ወይም መደጋገፋቸው ነው። በፖለቲካችን ውስጥ ስለ ኪዳን ብዙ የሚሰብኩ ሰዎች ይህን ሰዋስው ቢያጠኑት ምንኛ በጠቀመን ነበር።

ወደ «ሠለጠነ» እንሻገር። ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ ያታልላል። በግዕዝ ትርጉሙ ሥልጣን ያዘ፣ በላይ ሆነ ነው፤ የዐረብኛው «ሡልጣን» እና የዕብራይስጡ «ሺልጦን» ዘመዶቹ ናቸው። አማርኛ ግን ከዚያው ሥር ሦስት ልጆች አወጣና ለየብቻ አሳደጋቸው፦ ሥልጣን፣ ሥልጠና፣ ሥልጣኔ። ዛሬ «የሠለጠነ ሰው» ስንል የታነጸ፣ ትሑትና ዐዋቂ ሰው እናስባለን። ይሁን እንጂ የጥንቱ ትርጉም አልሞተም፤ «በሽታው ሠለጠነበት»፣ «ክፉ መንፈስ ሠለጠነበት» ስንል ወዲያው ብቅ ይላል። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ለዓለም የተናገረችው ሥልጣኔ ላመጣላቸው ነው ብላ ነበር። በሌላ ቋንቋ ይህን ሐሰት ለማጋለጥ ረጅም መጽሐፍ መጻፍ ያስፈልጋል። በአማርኛ ግን አንድ መስተዋድድ ይበቃል፦ «ሊያሠለጥነን መጣ» እና «ሊሠለጥንብን መጣ»።

ለእንግሊዝኛም ቢሆን ተመሳሳይ ምሥጢር አላጣም። ትምህርትን በተማሪ አእምሮ ውስጥ ማስረጽ «ኢንከልኬት» ይባላል፤ ከላቲን «ካልክስ» ከሚለው፣ ከተረከዝ የመጣ ነው። በተረከዝ ረግጦ ማስገባት ማለት ነው። በትምህርት ቤት አርጩሜ ያሳለፈ ሰው ሁሉ የዚህን ቃል ሥር ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ የሚሆን የቃላት ታሪክ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ ባቆምኩ ነበር። የሚቆረቁረው «ገበረ» ላይ ስንደርስ ነው። በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው፤ «ግብር» ሥራ ነው፣ «ገብር» አገልጋይ ነው። በአማርኛ ገበረ ማለት ከሥራው ፍሬ ለጌታ ከፈለ፣ ከዚያም አልፎ ተሸነፈ፣ ራሱን አስገዛ ማለት ሆነ። «ገባር» ይህን የሚከፍለው ነው። «ገበሬ» የሚለውም ከዚያው ሥር ነው። ቆም ብለን እናስበው፤ አገሪቱን የሚመግበው ሰው የሚጠራበት ስም ሠሪ ማለት ሊሆን ይችል ነበር፤ በታሪክ ውስጥ ግን የሥራው ስምና የዕዳው ስም አብረው ኖሩ። ሠራህ ማለትና ክፈል ማለት በአንድ ትንፋሽ ተባሉ። ጌታው ደግሞ የተገበረለትን እህልና ማር በአዳራሹ ሲያበላ ያ ግብዣም «ግብር» ተባለ፤ ግብር አበላ፣ ግብር አገባ። የሄደውና የተመለሰው በአንድ ስም ተጠራ፤ መመለሱ ግን ለከፋዩ አልነበረም፤ ለወታደሩና ለባለሟሉ ነበር።

መገበር በሰውነትም የሚታይ ሥርዓት ነበረው። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገብሩ በልቼ ድንጋይ ተሸክመው መቅረባቸው በታሪክ ተጽፏል። የሮማውያን ቀንበርና የእኛ ድንጋይ ያረፉት በአንድ ቦታ ነው፤ በአንገት አካባቢ። «አንገት አስደፋ» የምንለውን ማንም ከማንም አልተዋሰውም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ መኳንንት ሃይማኖታቸውን ጭምር እንዲለውጡ ተደረገ፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ። የገበረ ሰው በሬውን ወይም ማሩን ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ስሙንም ሊሰጥ ይችላል። የወሎ ሰው «ገበረ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ከሌላው ይልቅ ብዙ ንብርብር የሚሰማው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ተሰለፉ። በ1958 ዓ.ም. ጉልት በዐዋጅ ቀረ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ጭሰኝነት ተሻረ። (ጭሰኛ ማለት ጭሱ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚወጣ ነው፤ የምድጃው ጭስ እንኳ የራሱ አልነበረም።) ገባር የሚለው መጠሪያ ከሕግ ወጣ። «ግብር» ግን ቀረ፤ ዛሬም ለመንግሥት የምንከፍለው ግብር ነው። ይህን ስል ግብር አይከፈል ማለቴ አይደለም፤ መንገድና ጤና ጣቢያ ያለ ግብር አይሠራም። የምለው ሌላ ነው። ግብር ከፋዩ ለምን ይህን ያህል ይሸሻል ብለው የሚገረሙ ባለሙያዎች ቃሉ በገበሬው ጆሮ ውስጥ ስንት መቶ ዓመት እንደቆየ አልጠየቁም።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው «ገዛ» ነው። ሥሩ በግዕዝ «እግዚእ» ከሚለው፣ ጌታ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር» የብሔር ጌታ፣ የአገር የምድር ጌታ ማለት ነው። አማርኛ ውስጥ ይኸው ግሥ በገበያ ላይ ዋጋ ከፍሎ መውሰድንም፣ አገር ማስተዳደርንም ይናገራል። ገዢ ጨው የሚገዛ ሰው ነው፤ ገዢ የአገር ገዢም ነው። «ገዢው ፓርቲ» ሲባል ከሌላ ፕላኔት የመጣ አማርኛ ተማሪ ቢኖር ምን ሸመተ ብሎ በጠየቀ ነበር። ስለ ጦርነት የሚነገሩ ዜናዎች ደግሞ «ገዢ መሬት» ይላሉ፤ ከላይ ሆኖ ሌላውን የሚያይና የሚመታ ተራራ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ተራራ ስለማይጠፋ የዚህ ቃል ትርጉም ለማንም አይጠፋውም።

ሁለቱ ትርጉሞች እንዴት አንድ ሆኑ? መያዝ ነው የሚያገናኛቸው። የገዛሁት ነገር የእኔ ነው፤ እንዳሻኝ አደርገዋለሁ። የሰው ልጅ ራሱ በገበያ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ደግሞ ልዩነቱ ጨርሶ ይጠፋል፤ የገዛው ገዛው። ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነው፤ ሩቅ አይደለም። ይሁንና ቃሉን ብቻ ከስሰን አንለፍ፤ ከቃሉ ውስጥ ከምሰማው ሁሉ የከበረውም «ራስን መግዛት» የሚለው ነውና። አማርኛ ገዢነትን ለአንድ ጊዜ ያህል ወደ ውስጥ አዞረው። ለራሱ ዋጋ ከፍሎ የራሱ የሆነ ሰው ማለት ይመስላል፤ ከዚህ የተሻለ የነጻነት ትርጓሜ በብዙ ፍልስፍና ውስጥ አላገኘሁም።

እንግዲህ «ጨቆነ»ስ? ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የምንጠቀምበት እርሱ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የምጠረጥረውም እርሱን ነው። የተማሪው ንቅናቄ ዘመን ጽሑፎች አብዛኞቹ የታሰቡት በእንግሊዝኛ ነበር። የወሎው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው ታዋቂ ጽሑፍ እንኳ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ የእንግሊዝኛው «ኦፕሬሽን» ተተርጕሞ «ጭቆና» ሆኖ በየመፈክሩ ገባ፤ ጨቋኝ፣ ተጨቋኝ፣ ብሔራዊ ጭቆና፣ የመደብ ጭቆና። የተናገሩለት በደል እውነት ነበር፤ ያን የሚክድ የታሪክ ዐይን የለውም። ቃሉ ግን እግር የለውም፤ አንገትም የለውም። ረገጠ ስትል ማን፣ ማንን፣ በምን የሚሉት ጥያቄዎች ወዲያው ይመጣሉ፤ ገበረ ስትል ምን ያህል፣ ለማን ትባላለህ። «ጨቆነ» ስትል ግን ማንም ማስረጃ አይጠይቅህም። ስለዚህ ማንም በማንም ላይ ሊወረውረው የሚችል ቃል ሆነ፤ ትናንት ተጨቋኝ የነበረው ዛሬ ያንኑ ቃል ይዞ ሌላውን ይረግጣል፣ የተረገጠውም ያንኑ ቃል አንሥቶ ተራውን ይጠብቃል። የወግዲ ገበሬ በ1966 ዓ.ም. ይኸን ቃል ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ ያለበትን ዕዳ ግን በቁና ቆጥሮ ይነግርህ ነበር። ከሁለቱ የትኛው ንግግር ለፍርድ ይመቻል?

አንድ ቃል በጥቂቱ ልንካና ልለፍ፤ ብዙ ብናገርበት የሚቀለኝ ነገር ስላልሆነ። «ደፈረ»። ደፋር ልጅ እንመርቃለን፤ ድፍረት ሰጠው እንላለን። ሕግ የደፈረን እንወቅሳለን፤ ድንበር የደፈረን እንዋጋለን። ሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመውንም አረመኔነት በዚሁ ቃል እንጠራዋለን፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «አስገድዶ መድፈር» ብሎ አንድ ቃል እንዲጨምርበት የተገደደው «መድፈር» ብቻውን ወንጀሉን ስለማይሸከም ይመስለኛል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት በትግራይም በአማራም ሴቶች ላይ የተፈጸመውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበውታል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አድራጊውን «ደፋር» ከሚለው ጋር በአንድ ሥር የሚያኖር ቃል መጠቀማችን ያንገፈግፈኛል፤ ሌላ የሚመጥን ቃል የሚያወጣልን ገጣሚ ወይም የሕግ ሰው ቢገኝ ባለውለታዬ ነው።

አሁን ከእነዚህ ሁሉ ጋር ወደማይመሳሰለው ግሥ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም እርሱ ነው። «አስተዳደረ» የሚለው ቃል ከምን እንደመጣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሥሩ አደረ ነው፤ በግዕዝ ኀደረ፣ ማለትም ኖረ፣ ተቀመጠ። አደረ፤ ተዳደረ፤ አስተዳደረ። ሰዎች እንዲያድሩ፣ አብረው እንዲያድሩ ማድረግ ማለት ነው። እርግጥ አደረ ራሱ ንጹሕ አይደለም፤ ለጌታ አደረ፣ ለገንዘብ አደረ እንላለን። ነገር ግን «አስተዳደረ» ውስጥ እግር የለም፣ ቀንበር የለም፣ ዋጋ የለም። ሌሊት ብቻ ነው ያለው፤ ሌሊቱን በሰላም ማለፍ።

በቦረናና በወግዲ ምድር ይህ ነገር ሁለት ምስክር አለው። የቦረና ስም እንደሚመሰክረው በዚህ ደጋ ኦሮምኛ ሥር የሰደደ ታሪክ አለው። በኦሮምኛ «ቢቱ» ማለት መግዛት ነው፤ ከገበያ መግዛትም አገር መግዛትም፣ እንደ አማርኛው ሁሉ። ማስተዳደር ግን «ቡልቹ» ይባላል፤ «ቡሉ» ከሚለው፣ ከማደር የወጣ ነው፤ ያሳደረ ማለት ነው። ሁለት ቋንቋዎች፣ አንዱ ከሴም አንዱ ከኩሽ፣ በአንድ መሬት ላይ ጎን ለጎን ኖረው ስለ አገዛዝ ሁለት ቃል አበጁ፤ አንዱን ከገበያ፣ ሌላውን ከሌሊት። የተዋዋሱት ይሁን በየራሳቸው የደረሱበት፣ ሁለቱም ሕዝብ ከባለሥልጣን የሚጠብቀውን በአንድ ሐሳብ ጠርተውታል። ጠዋት ሲገናኙም አንዱ «እንዴት አደራችሁ» ይላል፤ ሌላው «አካም ቡልተኒ» ይላል። ትርጉሙ አንድ ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በወሎ ይህ ሰላምታ ሰላምታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው በኅዳር ማለቂያ ተለቀቁ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ሌላ ውጊያ ተጀመረ። ገዢ መሬት የያዘ አለ፣ ያስገበረ አለ፣ ጸጥታን አረጋገጥኩ ያለ አለ። «እንዴት አደራችሁ» የሚለውን ጥያቄ ግን የሚጠይቀው ጎረቤት ለጎረቤት ነው፤ መልሱንም ቆሞ ይሰማል፤ ማን እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተተኮሰ፣ ከብቱ እንዳለ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ።